የቡላው ፎቅ

ባለፈው ኅዳር ቡታጅራ ውስጥ ከጓደኛዬ ጋር አንድ ኬክ ቤት ገባሁ። በጥር ልታገባ ነው፤ የሠርጉን ኬክ ልናዝ ነበር የሄድነው። ሻጯ ክብ ክብ መጋገሪያዎችን ከመደርደሪያ አውርዳ ባንኮኒው ላይ አንዱን ባንዱ ላይ እየደራረበች ታሳየን ጀመር። ትልቁ ከታች፣ ከዚያ ያነሰው፣ ከዚያ ሌላው። ከጓዳ የማርጋሪንና የቫኒላ ሽታ ይመጣል። ትንሿን መጋገሪያ አንስታ "ለላይኛውስ ይቺ ትበቃለች?" ስትል፣ ሳላስበው "ላይኛው ለማን ነው?" አልኩ። ሁለቱም ዞረው አዩኝ። እኔ ሰው ፊት ብዙ አልናገርም፤ ያን ጊዜ ግን ድምፄ ከፍ ብሎ ነው የወጣው። ሻጯ ሳቅ ብላ "ለፎቶ ነዋ" አለች።

ወጥቼ በረንዳው ላይ ቆምኩ። ከፍርሃት አይደለም፤ ከንዴት ነው። ጓደኛዬ ተከትላኝ ወጥታ ምን ሆንሽ ስትለኝ ሽታው ነው አልኳት። አልዋሸኋትም።

አራተኛ ክፍል በነበርኩበት ዓመት እኔና እናቴ ወልቂጤ ነበርን፤ እትዬ ብርሃኔ ግቢ ውስጥ ሁለት ክፍል ተከራይተን። አባቴ ቡታጅራ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ ነበረው። መጀመሪያ በየሳምንቱ ይመጣ ነበር፤ ከዚያ በየወሩ ሆነ፤ ከዚያ ሲመቸው። እናቴ ቤት ውስጥ ኬክ ትጋግራለች። በተለይ ባለፎቅ ኬክ መንገድ ላይ ሳይዘም እንዲደርስ የሚፈልግ ሰው ወደ እሷ ይልክ ነበር፤ ከቡታጅራም ሳይቀር።

የፎቆቹን ልክ የምትወስደው ከቤት ዕቃ ነው። የታችኛውን ከትልቁ ትሪ፣ ሁለተኛውን ከድስት ክዳን፣ ሦስተኛውን ከሳህን፣ የላይኛውን ከሾርባ ጎድጓዳ ሳህን። መጋገሪያዎቿንም ቆርቆሮ ሠሪው በነዚሁ ዕቃዎች ልክ ነበር የሠራላት። ሥራ ሲመጣ መጀመሪያ ካርቶን ላይ ዕቃውን ደፍታ ዙሪያውን በእስክርቢቶ ታሰምራለች። መቁረጡና በብርማ ወረቀት መሸፈኑ የኔ ነው። ከዚያ ካርቶኖቹን ትደረድርና ከአንዱ ጠርዝ በላዩ እስካለው ጠርዝ በጣቷ ትለካለች። ሦስት ጣት መሆን አለበት። ሁለት ጣት ከሆነ ማሰሮ ይመስላል፤ አራት ከሆነ ደግሞ ታችኛው ላይኛውን የናቀው ይመስላል ትላለች።

ለኔ ፎቆቹ ሰዎች ነበሩ። ሁሉንም የሚሸከመው የታችኛው አባቴ ነው። ከእሱ ቀጥሎ እናቴ፤ ሦስተኛውን ገና ላልተወለደ ወንድሜ ትቼለት ነበር። ላዩ ላይ እኔ እቀመጣለሁ። እናቴ ጓዳ ስትገባ ትልቁን ካርቶን አንስቼ ብርማውን ወረቀት እስመው ነበር። ይህን ሳስታውስ ዛሬም ጥርሴን እነክሳለሁ።

ጉራጌ የትም ይኑር የት ለመስቀል አገሩ ይገባል። ያገኘም ይገባል፤ ያጣም ይገባል። የዚያን ዓመት መስቀል እኔና እናቴ እምድብር አጠገብ ወዳለው የአባቴ እናት ቤት ስንሄድ አባቴ አልመጣም። በቤታችን አያቴን ትልቁም ትንሹም አዶት ነው የሚላት፤ በቸሃ ጉራጌኛ እናት ማለት ነው። አዶት በሩ ላይ ቆማ ከኋላችን ያለውን መንገድ ስታይ ቆየች። ሥጋውን ይዞ የመጣው የአባቴ ታላቅ ወንድም ጋሼ ሽፈራው ነው። አባቴን ሲጠይቁት፣ ተካ ዕቃ ሊያስጭን ሞያሌ ሄዷል፤ መኪና ተበላሽቶበት ነው፤ አለ። ወንዶቹ ሁሉ "መንገድ እኮ ነው" እያሉ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ክትፎው ቀረበና ተበላ። ከነዚያ ነቅናቂዎች መካከል እውነቱን የሚያውቀው ስንቱ እንደነበር ዛሬም አላውቅም። ማወቅ ግን እፈልጋለሁ።

ጋሼ ሽፈራውን ያኔ አንቱ እለው ነበር። እዚህ አልልም።

አሁን ስለ ቡላው ልናገር። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት አዶት በሆድ ሕመም ወድቃ ነበር። ስንዴ የነካው ነገር ሁሉ ይነፋታል፤ ጤፍም አልስማማ አላት። ወልቂጤ እኛ ዘንድ ለሕክምና ሰንብታ ሳለ እናቴ ኬክ ስትጋግር አይታ "እኔ እንግዲህ ሽታውን ብቻ" ብላ ሳቀች። እናቴ በማግስቱ ከእንሰት የሚወጣውን ነጩን ቡላ በእንቁላልና በቅቤ አሽታ ጋገረችላት። መጀመሪያ የጋገረችው መሀሉ ሊጥ ሆኖ ቀረ። ቡላ ከባድ ነው፤ አይነፋም፤ ሰፋ ካለ እሳቱ መሀሉ አይደርስም። እናቴ ከሳህን ወደ ጎድጓዳ ሳህን አሳንሳ ደግማ ሞከረች፤ በሰለላት። አዶት በላች፤ ሆዷም ዝም አለ። ጋሼ ሽፈራውም ሊጠይቃት መጥቶ አንድ ቁራሽ ቀመሰና ጣቱን ላሰ። ከእናቴ ሌላ የቡላ ኬክ የጋገረ ሰው ያኔ አላውቅም ነበር። አሁንም አላውቅም።

የገና በዓል እንዳለፈ ሰብለ መጣች። ሰብለ ቡታጅራ ውስጥ የሠርግ ዲኮር የምትሠራ፣ ሳትተነፍስ የምታወራ ልጅ ናት፤ ከእናቴ ጋር ብዙ ሠርግ ሠርተዋል። አልበሟን ጭኗ ላይ ዘርግታ በዚህ ጥር የሚሆን ትልቅ ሥራ እንዳመጣች ተናገረች። ባለ አራት ፎቅ ነው። የታችኛው ከትሪው እንዲበልጥ ትፈልጋለች፤ አዳራሹ ሰፊ ነው፤ ኬኩ ትንሽ ከሆነ በቪዲዮ ኩርምት ያለ ዶሮ ይመስላል አለች። እናቴ ሳቀች። የታችኛው ከሰፋ የመኪናውን መንገድ አይችልም፤ ይሰነጠቃል፤ ከፍታውን ጨምሬ ስፋቱን ልተወው አለቻት። እንዲህ ሲከራከሩ እኔ መቀስ ይዤ ካርቶን እጠብቃለሁ።

"እሺ፣ አንቺ እንዳልሽ" አለች ሰብለ በመጨረሻ። "ላይኛውን ግን በቡላ አድርጊው ብለዋል።"

እናቴ እስክርቢቶውን ካርቶኑ ላይ እንዳደረገች ቀና አለች። "በምን?"

"በቡላ። እኔም ሰምቼ አላውቅም። የሙሽራው እናት ስንዴ አይስማማቸውም አሉ፤ ከገጠር ነው የሚመጡት። ልጃቸው ሲቆርስ ከላይኛው እንዲያጎርሳቸው ነው። የሙሽራው ወንድም ነው እንዲህ ያለው፤ ሲያሳዝን፣ ለእናቱ እንዴት እንደሚጨነቅ ብታዪ።"

"ከየት ገጠር?"

"ቸሃ ነው መሰለኝ። እምድብር አካባቢ።"

"ሙሽራው ማን ይባላል?"

"ተካ። የመለዋወጫው ተካ። ታውቂዋለሽ?"

እናቴ ወደኔ ዞራ፣ ሂጂ ቤኪንግ ፓውደር ግዢ አለችኝ። መደርደሪያው ላይ ያልተከፈተ ጣሳ ነበረን። አሳየኋት። "ሂጂ አልኩሽ" አለች።

ወደ ሱቅ ስሮጥ ልቤ በደስታ ሊፈነዳ ነበር። ሁሉ ነገር ገባኝ ብዬ ነበር። ተካ አባቴ ነው። የሙሽራው እናት አዶት ናት። እናቴና አባቴ ደግሞ የተጋቡት እዚያው ገጠር በሽማግሌ ስለነበር ኬክም ፎቶም አልነበራቸውም። እናቴ የሰው ሠርግ ኬክ ጨርሳ ስታስረክብ "ለኔስ ማን ቆርሶልኝ?" እያለች ስትቀልድ ስንት ጊዜ ሰምቻለሁ። አባቴ ለመስቀል የቀረው ለካ ይህን ሊያዘጋጅ ነው። እናቴም ከቤት የሰደደችኝ ድንገት ልታስደስተኝ ፈልጋ ነው። ሙሽሪት እሷ ካልሆነች ማን ልትሆን ትችላለች?

በማግስቱ ለክፍሌ ልጆች በሙሉ ነገርኩ። እናትና አባቴ ቡታጅራ በአዳራሽ ሊጋቡ ነው፤ ባለ አራት ፎቅ ኬክ አላቸው፤ ላይኛው በቡላ ነው አልኩ። ልጆቹ ቡላው ላይ ሳቁ፤ ስለ ሌላው ቀኑብኝ። ከዚያ ለእትዬ ብርሃኔ ነገርኳት። ልብስ ታሰጣ ነበር። የጨመቀችውን አንሶላ እንደያዘች አየችኝ፤ ከዚያ ሳመችኝና "እሰይ ልጄ፣ ደስ ይበልሽ" አለች።

ታውቅ ነበር። ባሏ የቡታጅራ መስመር ሾፌር ነው፤ አባቴ ከሌላ ሴት ጋር ቤት መያዙን ከክረምቱ ጀምሮ ያውቃሉ። በኋላ እናቴ ስትጠይቃት "ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ብዬ ዝም አልኩ" አለቻት። ይህን ተረት የሚወድ ሰው አልወድም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ የሚሆነው ጎረቤቱ አፉን ሲዘጋ ነው። ከንፈር መጥጣ፣ አንገቴን ስማ፣ ስለ እናቴ ሠርግ ለመንደሩ ሁሉ እንዳወራ ለቀቀችኝ።

እናቴ በዚያ ሳምንት ሥራዋን ቀጠለች። ካርቶን ታስቆርጠኛለች፤ ትደረድራለች፤ በጣቷ ትለካለች፤ ታፈርሳለች። ድርድሩ ፊት ተቀምጣ የታችኛውን ስታይ ትቆይና፣ ጎድጓዳ ሳህኑን ካርቶን ላይ ትደፋለች። የራሷ ኬክ ስለሆነ ነው እንዲህ የምትጠነቀቀው ብዬ እኔም ጠርዙን እያስተካከልኩ እቆርጣለሁ። ዓይኗ ሲቀላ የሽንኩርት ነው ትለኛለች። በዚያ ሳምንት ወጥ የሠራችበት ቀን ትዝ አይለኝም።

እሑድ ጋሼ ሽፈራው መጣ። በየእሑዱ ይመጣ ነበር፤ የወንድሙን ቤት ሊያይ። ምሳ ቀርቦለት ሲጎርስ እኔ ከአጠገቡ ተቀምጬ፣ ዓይን አፋርነቴ ለደስታዬ ቦታ ለቆለት፣ "ጋሼ፣ የአባባን ኬክ ያዘዙት እርስዎ ነዎት አይደል?" አልኩት። ጉርሻው አፉ ውስጥ ቆመ።

እናቴ ውሃ አቀረበችለት። እስኪውጥ ጠበቀችው።

"የቡላ ኬክ ማን የሚሠራ መስሎዎት ነው ያዘዙት?" አለች።

"አመለ፣ እኔ ለሰብለ ፈልጊ ነው ያልኳት። ማን እንደሚሠራው አላሰብኩም" አለ፣ እናቴን በስሟ ጠርቶ።

አላሰበም። አምናለሁ፤ እውነቱን ነው። እኛ ቤት ቁጭ ብሎ በልቶ፣ ጣቱን ልሶ፣ የጋገረውን እጅ ረስቶ ጣዕሙን ብቻ አስታወሰ። ከሁሉም በላይ ደሜን የሚያፈላው ይሄ ነው። ተንኮል ቢሆን ኖሮ ቢያንስ እናቴን አስቧት ነበር ማለት ነው።

ቀጥሎ ያወራውን ያኔ ግማሹን ነው የተረዳሁት። ነገሩ በሽማግሌ አልቋል፤ ተካም ሰው ነው፤ ርቀቱ ነው ያለያያችሁ፤ ልጅቱን እኛ አንጥላትም፤ አለ። ልጅቱ እኔ ነኝ። እናቴ ሽማግሌው መቼ ተቀመጠ አለችው። ለአዶት ስንነግራት ነው፤ አንቺም ተስማምተሽ በሰላም እንደተለያያችሁ ነግረናታል፤ እሷማ አንቺን ሳትሰማ ሠርጉ ላይ እግሬን አላነሳም ብላ አስቸግራ ነበር አለ። ይህን ሲናገር እንደ በጎ ሥራ ነበር የሚናገረው፤ ለአሮጊቷ ልብ ተጨንቆ።

"እኔ ነኝ የተስማማሁት?"

"ለሷ ብለን ነው እኮ።"

"እኔ ነኝ የተስማማሁት፣ ጋሼ?"

ወደኔ ዞሮ ጸጉሬን ሊዳብስ ሲል ራሴን አሸሸሁ። ሙሽሪት እናቴ አለመሆኗን የተረዳሁት በዚያች ቅጽበት ነው። ነገ ትምህርት ቤት አለ፤ የክፍሌ ልጆች አሉ፤ መጀመሪያ ያሰብኩት እነሱን ነው። ልጅ ነበርኩ።

እናቴ ሰብለን አስጠራቻት። በመጣች ጊዜ ማንንም አልሰደበችም። በብርማ የተሸፈኑትን ሦስት ካርቶኖች ሰጠቻት፤ ልካቸው ትክክል ነው፤ ቡታጅራ ያለ ሰው ይጋግረው፤ መንገዱም ስለማይኖር አይሰነጠቅም አለቻት። ሰብለ ነገሩ ሲገባት ቁጭ ብላ አለቀሰች፤ አላወቅኩም ብላ ማለች። ከእኛ ሌላ ያላወቀችው እሷ ብቻ ነበረች፤ ያለቀሰችውም እሷ ብቻ ናት።

"ላይኛውስ?" አለች አፍንጫዋን እየጠረገች።

"ላይኛውን እኔ ነኝ የምሠራው። እኔን የተወኝ ልጃቸው ነው፤ እሳቸው አልተዉኝም። ግን በእጄ ነው የማደርሰው።"

ከሠርጉ በፊት ባለው ቀን፣ ቅዳሜ፣ ጠዋት ሚኒባስ ተሳፍረን ወደ እምድብር ሄድን። ኬኩን ካርቶን ውስጥ ጭኔ ላይ ይዤዋለሁ። ትንሽ ነው፤ ክብደቱ ግን እግሬን አደነዘዘው። በላዩ ላይ ምንም አልተጻፈም። ረዳቱ ለካርቶኑም ወንበር ልትይዢለት ነው ብሎ ሊያሾፍብኝ ሲሞክር እናቴ አየችው፤ ተወን። ከመኪና ወርደን በእንሰቱ መሀል ባለው መንገድ በእግራችን ሄድን።

አዶት ታጥባ፣ ተቀብታ፣ ደጅ ፀሐይ ላይ ተቀምጣ ነበር። ለሠርጉ ሊወስዱኝ ይመጣሉ ብላ ተዘጋጅታለች። እናቴን ስታይ ፊቷ መጀመሪያ ፈካ፣ ከዚያ ተጨማደደ። አቅፋት ስትስማት ቆየች።

"ልጄ፣ ነግረውኛል" አለች። "ካልቻላችሁ ምን ይደረግ። ተስማምተሽ መውጣትሽ የጨዋ ልጅነትሽ ነው።"

"እኔ አልተስማማሁም፣ አዶት። የጠየቀኝም የለም። የሰማሁት ይህን ኬክ ሲያዝዙኝ ነው።"

አዶት ካርቶኑን አየች፣ እናቴን አየች፣ እኔን አየች። እኔን ስታየኝ ነው ያመነችው ይመስለኛል። የነጠላዋን ጫፍ ጣቷ ላይ ትጠቀልላለች፣ ትፈታለች። እኔ ስትጮህ፣ ልጇን ስትረግም ጠበቅኩ። ያኔ የምፈልገው እርግማን ነበር፤ የአዶት እርግማን ይደርሳል ሲባል ሰምቻለሁ።

የመኪናው ድምፅ መጣ። ጋሼ ሽፈራው በሱፍና በከረባት ወረደ፤ እናቴን ሲያይ እንደ መመለስ አለ። አዶት ተቀመጥ አለችው። ቆሜ ይሻላል፣ መንገዱ ረጅም ነው አለ።

"ያልከኝን እሷ ፊት በለው" አለችው።

"አዶት፣ አሁን ጊዜው አይደለም። ሰው ይጠብቃል።"

"አመለ ተስማምታለች ያልከኝን በለው።"

ጫማውን አየ። የእንሰቱን ቅጠል አየ። የከረባቱን ቋጠሮ ነካ። አላለውም። እንዲህ አፉ የተያዘው ሰው እኮ ነው በየእሑዱ እኛ ቤት ቁጭ ብሎ፣ በልቶ፣ መርቆ የሚወጣው።

አዶት ተነሳች። አትሄድም ብዬ ነበር። "አዲሱን ነጠላዬን አምጪልኝ" አለች እናቴን። እናቴ ገብታ አዲሱን ነጠላ አምጥታ ትከሻዋ ላይ አስተካከለችላት። እኔ ማልቀስ ጀመርኩ። በአዶት የተናደድኩት በሕይወቴ ያን ጊዜ ብቻ ነው፤ ንዴቱ ግን ትልቅ ነበር። ልትሄድ ነው። ዋሽተዋት፣ ውሸታቸውን አውቃ፣ ልትሄድ ነው። እጄን ልትይዝ ስትል ወደ ኋላዬ ደበቅኩት።

"ልጄ ነው" አለችኝ። "የወለድኩትን ምን ላድርገው?"

ጋሼ ሽፈራው በመኪናው ለመውጣት ተቻኮለና ካርቶኑን ካስቀመጥኩበት መደብ ላይ አነሳ። ይሄ ለላይኛው ይሆናል፤ ሰብለ ትሰካዋለች አለ። በእውነት እንዲህ አለ።

አዶት የመኪናውን በር ይዛ ዞረች። "አስቀምጠው" አለች። "እኔ እሄዳለሁ። የምራቴ እጅ አይሄድም።"

አስቀመጠው። ሄዱ።

እኔና እናቴ እዚያው አደርን፤ የአዶትን ላም የሚያይ ሰው ስለሌለ። እሑድ ቀኑን ሙሉ ካርቶኑ መደቡ ላይ ነበር። እናቴ አልነካችውም። ጓሮውን ጠረገች፣ ውሃ ቀዳች፣ የአዶትን ልብስ አጠበች፤ የምትሠራው ሲያልቅባት የተጠረገውን ደግማ ጠረገች። እኔ ቡታጅራ ያለውን አዳራሽ፣ አባቴ ቢላዋ ይዞ ቆሞ ሰው ሲያጨበጭብለት አስባለሁ። ኬኩን አንስቼ ለዶሮ ልበትነው ፈልጌ ነበር። እናቴ ዓይኔን አይታ "እንዳትነኪ" አለችኝ።

ሰኞ ረፋዱ ላይ አዶት ተመለሰች። ያመጣት ሌላ ሰው ነው፤ ጋሼ ሽፈራው አልመጣም። ፊቷ ግርጥት ብሏል፤ ከመኪናው እስከ ቤቱ እናቴን ተደግፋ ነው የደረሰችው። እንደተቀመጠች ውሃ ጠየቀች። ጠጥታ ስትጨርስ፣ የሚበላ ስጡኝ አለች።

"ትናንት አልበሉም?" አለች እናቴ።

"አልበላሁም።"

የሙሽራው እናት ናት። ከፊት አስቀምጠዋታል፤ ሥጋው፣ ክትፎው፣ ዳቦው ሁሉ መጀመሪያ የሚቀርበው ለሷ ነው። ያቺ ሴት እህል ሳትቀምስ ከሠርግ ወጣች ማለት በኛ አገር ምን ማለት እንደሆነ ያኔ አላወቅኩም፤ እናቴ ግን አውቃለች። እጇን አፏ ላይ አደረገች።

"ተካስ ምንም አላለዎት?"

"መጣ። ኬኩን ቆርሶ መጣ። 'አዶት፣ የቡላው የት አለ? ለአንቺ ብለን ነበር ያዘዝነው፤ እስቲ ምን ልስጥሽ፣ ምንም አልበላሽም' አለኝ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ።"

"እርስዎስ?"

"'ምራቴ ቤት በልቼ ነው የመጣሁት' አልኩት።"

ከዚያ አዶት ወደ መደቡ አመለከተችና ካርቶኑን እንዳመጣላት ነገረችኝ። አመጣሁላት። እናቴ ቢላዋ ስትፈልግ ሳትጠብቃት በእጇ ገምሳ መብላት ጀመረች፤ ቀና ሳትል፣ እንደ ተራበ ሰው፤ ፍርፋሪው በአዲሱ ነጠላዋ ላይ እየወደቀ።